በሩ ሲዘጋ የማይቋረጥ ወጪ፦ የእንስሳት ማቆያዎች ሕዝባዊ ትስስርና የገቢ ምንጭ በኮቪድ-19 ወቅት

መግቢያ

አንድ ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም ማሽኖቹ ይቆማሉ፤ ጥሬ ዕቃ መግዛቱም ይቀራል። የእንስሳት ማቆያ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ጎብኚ ባይመጣም አንበሳው ሥጋ፣ ዝሆኑ ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ከሞቃት አገር የመጡ እንስሳት ቤት መሞቅ፣ የዓሦች ገንዳም ሌት ተቀን መጣራት አለበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮቪድ-19 ምክንያት በብዙ አገሮች የሚገኙ ማቆያዎች ሲዘጉ ገቢያቸው በአንድ ቀን ሲቋረጥ ወጪያቸው ግን በአብዛኛው እንደነበረ ቀጠለ። የለንደኑ ማቆያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ተቋማት በመዘጋታቸው ወቅት ከሕዝብ ጋር እንዴት እንደተገናኙና ግንኙነቱ ለገቢያቸው ምን እንደፈየደ ይመረምራል።

የወጪው ባሕርይ

በብሪታንያ መንግሥት ሥራ ለቆመባቸው ሠራተኞች እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ደመወዝ ይሸፍን ነበር። ይሁን እንጂ በድጋፉ የሚታቀፈው ሠራተኛ ለቀጣሪው እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ ስለነበረ ድጋፉ ለእንስሳት ተንከባካቢዎች አልጠቀመም። ትኬት ቆራጩንና የሱቅ ሻጩን ቤት ማስቀመጥ ቢቻልም አንበሳ የሚመግበውን ሰው ማሰናበት አልተቻለም። በጀርመን የኖይሙንስተር ማቆያ ኃላፊ በኤፕሪል 2020 የሰጡት መግለጫ የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። ገንዘብ ካለቀ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ የትኞቹ እንስሳት አስቀድመው እንደሚታረዱ የሚያመለክት ዝርዝር መዘጋጀቱን ለሕዝብ ይፋ አድርገዋል።

ትስስርን የመጠበቅ ጥረት

የአሜሪካው ሲንሲናቲ ማቆያ በተዘጋ ማግሥት፣ ማርች 16 ቀን፣ በየዕለቱ ከቀትር በኋላ በፌስቡክ የቀጥታ ሥርጭት ጀመረ። ተንከባካቢው አንድን እንስሳ ያስተዋውቃል፤ ከዚያም ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ልጆች በቤታቸው የሚሠሩት ተግባር ይሰጣል። በመጀመሪያው ሥርጭት የቀረበችው ጉማሬ ፊዮና ነበረች። ፊዮና በ2017 ያለጊዜዋ ተወልዳ፣ 13 ኪሎ ገደማ ብቻ እየመዘነች እንዴት እንደተረፈች ሕዝቡ ከጅምሩ በኢንተርኔት ሲከታተል ቆይቷል። ስለዚህ ሥርጭቱ ቀድሞ የነበረን ወዳጅነት አስቀጠለ እንጂ ከባዶ አልተነሣም።

ትስስሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ተፈልጓል። በቶኪዮ የሱሚዳ የውኃ እንስሳት ማሳያ ውስጥ 300 ያህል ቀጫጭን የአሸዋ ዓሦች ሰው ማየት በማቆማቸው ተንከባካቢዎች ሲቀርቡ አሸዋ ውስጥ መደበቅ ጀመሩ፤ የጤናቸውን ሁኔታ መከታተልም አስቸገረ። ተቋሙ በሜይ 2020 መጀመሪያ ለሦስት ቀናት በገንዳው ዙሪያ ታብሌቶች አስቀምጦ ሰዎች በቪዲዮ ጥሪ ፊታቸውን ለዓሦቹ እንዲያሳዩ ጋበዘ። ጥሪው ጎብኚውን ከተመልካችነት ወደ ረዳትነት አሸጋግሮታል።

ከትስስር ወደ ገቢ

በነፃ የሚታይ ሥርጭት የትኬትን ገቢ አይተካም። ጥቅሙ የሚታየው ተቋሙ እርዳታ በጠየቀ ጊዜ ነው። የእንግሊዙ ቼስተር ማቆያ በማርች ከተዘጋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉ ቀን የሚዘልቅ የቀጥታ ሥርጭት አቀረበ፤ ከ2016 ጀምሮም በቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅት በሰፊው ይታወቅ ነበር። በጁን 2020 መጀመሪያ የመክፈቻው ቀን ባለመታወቁ ሕልውናው አደጋ ላይ መውደቁን ሲያስታውቅ ሕዝቡ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አዋጣ። የገንዘቡ መንገዶች አዲስ አልነበሩም፤ ስጦታ፣ የአባልነት ክፍያ፣ እንዲሁም ለአንድ እንስሳ ቀለብ በስሙ መክፈል ናቸው። እንስሳን በዚህ መልክ «ማሳደግ» በለንደን ማቆያ በጦርነቱ ዘመንም ተሠርቶበታል።

ይህ መንገድ ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ስጦታ ጊዜ ይገዛል እንጂ መደበኛ ገቢ አይሆንም፤ ቼስተርም እፎይታ ያገኘው በጁን 15 በሩን እንዲከፍት ሲፈቀድለት ነው። ሁለተኛ፣ ዝነኛ እንስሳ ወይም የቴሌቪዥን ዕድል የሌለው ትንሽ ማቆያ ተመሳሳይ ጥሪ ቢያሰማ የሚሰማው ሰው ጥቂት ነው።

የመንግሥት ድርሻ

ክፍተቱን ለመሙላት የብሪታንያ መንግሥት በ2020 በመጀመሪያ 14 ሚሊዮን፣ ቆይቶም 100 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ይሁንና ከሁለተኛው ፈንድ ለመጠቀም ተቋሙ ገንዘቡ ሊያልቅ የተቃረበ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለው መስፈርት ማቆያዎች መጠባበቂያቸውን ካሟጠጡ በኋላ ብቻ እንዲረዱ ያደርጋል። ጥገናና የመራባት ሥራ የሚዘገዩትም መጠባበቂያው እየመነመነ በሚሄድባቸው በእነዚያ ወራት ነው።

ማጠቃለያና አንድምታ

ከላይ የቀረቡት ምሳሌዎች እንደሚያሳዩት በመዘጋት ወቅት የሚሰበሰብ ገንዘብ ቀድሞ በተገነባ ትስስር ላይ ይመሠረታል። ስለሆነም አባልነት፣ ለእንስሳ ቀለብ መክፈልና የማስተማሪያ ሥርጭት በሩ ክፍት በሆነበት ዘመን መደራጀት ይኖርባቸዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በነበሩ 15 አንበሶች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት እንስሳቱ ለንጽጽር ከቀረቡት ሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር መለያቸው የተለዩ መሆናቸውን አረጋግጧል። እንዲህ ያለ ሀብት ቢጠፋ በግዢ አይተካም። ስለዚህ የእንስሳቱ ቀለብና ሕክምና ከዕለታዊ የመግቢያ ገቢ የተለየ፣ ቢያንስ ለጥቂት ወራት የሚበቃ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። መጠባበቂያውን ለመጀመር አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ የሠራተኞች ዕድር የአንድን አንበሳ የወር ቀለብ የሚሸፍንበት አሠራር መዘርጋት ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ችግር ሳይመጣ ሊሠራ የሚችል ነው።