በነፃ ያወረዱትን ፈርምዌር ለደንበኛ መስጠት ይችላሉ?

ጠያቂያችን ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ እየጫኑ ይሸጣሉ። ዋይፋዩ አልሠራ ሲላቸው ፈርምዌሩን ከኢንተርኔት አውርደው መጫኛ ፍላሹ ላይ ጨመሩት፤ ፍላሹንም እያባዙ ለደንበኞቻቸው ያድላሉ። «ሊኑክስ ነፃ ነው፤ ፈርምዌሩንም ያለ ክፍያ ነው ያወረድኩት። ታዲያ በምን እጠየቃለሁ?» ይላሉ።

ሊኑክስን ማባዛት ተፈቅዶልዎታል። ፈርምዌሩ ግን ባለቤቱም ፈቃዱም ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ድራይቨሩ ወደ ዋይፋይ ካርዱ የሚልከው፣ እዚያው ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ አምራቹም ብዙውን ጊዜ ሶርስ ኮዱን አይሰጥም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይመድበዋል። ማባዛትና ማሰራጨት የባለመብቱ ነው። አዋጁ በሕጋዊ መንገድ ቅጂ ላገኘ ሰው ለራሱ መገልገያና ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል፤ ለደንበኛ ማደል ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። ፋይሉ ለማንም እንዲወርድ ክፍት መሆኑ ብቻውን «አከፋፍሉት» ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ ያሰራጨ ሰው ካሳ ሊጠየቅ፣ እንደ ሁኔታውም በወንጀል ሊከሰስ ይችላል።

ደግነቱ ብዙ አምራቾች ፈቃዱን በጽሑፍ ሰጥተዋል። አብዛኛው ፈርምዌር የሚገኝበትን የሊኑክስ ፈርምዌር ማከማቻ ይክፈቱና «ዌንስ» የተባለውን ፋይል ያንብቡ፤ እያንዳንዱ ፋይል የየትኛው ድራይቨር እንደሆነና በየትኛው ፈቃድ እንደተሰጠ ተዘርዝሮ ያገኙታል። የኢንቴልን ዋይፋይ ፈርምዌር ቢያዩ ፈቃዱ ማሰራጨትን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሳይለወጥ፣ የባለመብትነት ማስታወቂያውና የኃላፊነት ማስተባበያው አብሮት ሆኖ ነው። ፕሮግራሙን ፈትቶ መመርመርንም ይከለክላል። እንግዲህ ፋይሉን ብቻ ገልብጠው የፈቃዱን ጽሑፍ ከተዉት፣ የተፈቀደልዎትን ነገር ከፈቃዱ ውጪ እያደረጉት ነው። ጽሑፉን ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውምና እባክዎ አይተዉት።

በዚያው ዝርዝር «ፈቃዱ አይታወቅም» የተባሉ ፋይሎችም አሉ። ሌሎች ደግሞ ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የተሰጡ ናቸው ይባላል፤ የተገኙት ግን ያለ ሶርስ ኮድ፣ በቁጥር ድርድር መልክ ብቻ ነው። ጂፒኤል ስሪት 2 ፕሮግራሙን የሚያሰራጭ ሰው ሶርስ ኮዱን እንዲሰጥ ያስገድዳል። በእጅዎ የሌለውን ሶርስ ኮድ ከየት አምጥተው ይሰጣሉ? እንዲህ ያለውን ፋይል ፍላሽዎ ላይ እንዲያስቀምጡ አልመክርም።

«ዴቢያን ራሱ ይሰጠው የለ?» ሊሉኝ ይችላሉ። የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ አሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 በወጣው 12ኛው እትም ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን በኦፊሴላዊ መጫኛው ውስጥ አካቷል። ይህ መጫኛውን ለተጠቃሚ አቀለለ፤ የአምራቾቹን ፈቃድ ግን አልለወጠም። የዴቢያን ማኅበራዊ ውልም ሲዲ የሚያዘጋጁ ሰዎች ነፃ ያልሆኑትን ክፍሎች ፈቃድ አንብበው፣ ማከፋፈል መቻላቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ያሳስባል። ይህ ማሳሰቢያ ፍላሽ ለሚያባዛ ነጋዴም የሚሆን ነው።

ብሮድኮም ካርድ ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ ከገጠመዎት ይበልጥ ይጠንቀቁ። ቢ43 የተባለው ድራይቨር የሚፈልገው ፈርምዌር የማከፋፈል ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ዴቢያን ፈርምዌሩን ራሱን አይሰጥም፤ የሚሰጠው የብሮድኮምን ድራይቨር በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ፈርምዌሩን ከውስጡ የሚያወጣ ጫኝ ፕሮግራም ነው። እርስዎ ሱቅ ውስጥ ይህን ፈጽመው ላፕቶፑን ቢሸጡት ግን ቅጂው አብሮ ወደ ገዢው ያልፋል፤ ጫኙ የሸሸው ችግርም ተመልሶ በእርስዎ ላይ ይመጣል። ጫኙን ብቻ ያዘጋጁለት። ገዢው ላፕቶፑን ከተረከበ በኋላ በኬብል ወይም በስልኩ ኢንተርኔት ራሱ ያስጀምረው፤ ትእዛዙንም በወረቀት ጽፈው ከደረሰኙ ጋር ይስጡት።