በቆላ አጥቢያዎች ለዛፍ ጥላ የሚስማማ የግቢ ሳር ስለ መምረጥ

ከቆላማ አካባቢ አጥቢያዎች የልማት ኮሚቴዎች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የግቢ ሳርን የሚመለከት ነው። ቅጽሩ ታጥሯል፣ ውኃ ገብቷል፣ ምእመናንም ገንዘብ አዋጥተው ሳር አስተክለዋል። ይሁን እንጂ ከዛፎቹ ሥር ያለው ሳር በመጀመሪያው ዓመት ይሳሳል፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ አፈሩ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ኮሚቴው የሚጠይቀን ስለ ማዳበሪያ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ የፀሐዩ ሰዓት እንዲቆጠር እንጠይቃለን።

እኛም ከስሕተቱ ነጻ አልነበርንም። በአንድ ቆላማ አጥቢያ ለግቢው በሙሉ ሰርዶ እንዲተከል መክረን ነበር። በዐውደ ምሕረቱ ላይ አማረ፤ ከዋርካው ሥር ግን መነመነ። ኮሚቴው ውኃ ጨመረ፣ ፍግ በተነ፣ በመጨረሻም ብርሃን እንዲገባ ከዋርካው ሦስት ታላላቅ ቅርንጫፎችን አስቆረጠ። ሳሩ አገገመ። በንግሡ ዕለት ግን አረጋውያኑ ከዚያ በፊት ይቀመጡበት የነበረው ጥላ አልነበረም። ምክሩን የሰጠነው እኛ ስለሆንን ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ግዴታ እንዳለብን ተሰማን።

ስሕተታችን ሙቀትን መውደድና ጥላን መቻል አንድ ናቸው ብለን ማሰባችን ነው። በቆላ የሚተከሉት የግቢ ሳሮች ሁሉም ሙቀት ወዳድ ናቸው፤ የአየሩ ሙቀት ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እድገታቸው ይበረታል። ጥላን በመቻል ግን እጅግ ይለያያሉ።

ሰርዶን የማያውቅ ገበሬ የለም። ግንዱ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም እየተሳበ ስለሚሄድ በማሳ ውስጥ አስቸጋሪ አረም ነው። ይኸው ጠባዩ ለግቢ ሳርነት ብርቱ ያደርገዋል፤ ድርቅን ይችላል፣ ሕዝብ ቢረግጠውና ቢሰግድበት ቶሎ ያገግማል። ነገር ግን በቀን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻል። ይህን ካላገኘ ቀጥኖ ወደ ብርሃን ይመዘዛል፣ ይሳሳል፣ ቦታውንም ለአረም ይለቃል። በጥላ ውስጥ ውኃ መጨመር አያድነውም፤ የጎደለው ምግብ የሚሠራበት ብርሃን ነውና።

በአዲስ አበባ ግቢዎች የተለመደው የኪኩዩ ሳርም ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም። መነሻው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፤ ጥላም አይወድም። ከደጋ ወደ ቆላ በመኪና ተጭኖ መምጣቱን ባናበረታታ ይሻላል።

ከፊል ጥላ ላለበት ቦታ የሚመረጠው ሴንት ኦገስቲን የሚባለው ሰፊ ቅጠል ሳር ነው። ችግኝ ሻጮች በተለያየ ስም ስለሚጠሩት በመልኩ መለየት ይበጃል፦ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጫፉ ደነዝ ያለ ነው፤ ወፍራምና ጠፍጣፋ ግንዱ በመሬት ላይ ብቻ ይሳባል። በቀን 4 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል። አብዛኛውን ጊዜ በዘር ሳይሆን አንጓ ባለው የግንድ ቁራጭ ይራባል፤ ስለዚህ የዚህን ሳር ዘር በከረጢት አቀርባለሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ መጠርጠር አይከፋም። ጉድለቱም ሊታወቅ ይገባል፤ ከሰርዶ ይልቅ ውኃ ይፈልጋል፣ ብዙ እግርም አይችልም። ሕዝብ የሚመላለስበትን መንገድ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ሳሩን ከመንገዱ ግራና ቀኝ መትከል ያስፈልጋል። ዞይዥያ የሚባለውም ሳር ከፊል ጥላንና መረገጥን ይችላል፤ ነገር ግን አዝጋሚ ስለሆነ በቁራጭ ተተክሎ ቦታውን ለመሸፈን እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ከ4 ሰዓት ያነሰ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ምንም ሳር አትትከሉ። የወደቀው ቅጠል በዚያው ይቆይ። ይህን ስንል አንዳንድ አባቶች ግቢው ያልተጠረገ ይመስላል ብለው ቅር እንደሚሰኙ እናውቃለን። ሆኖም ያ ቅጠል የአፈሩን እርጥበት ይይዛል፣ ከዛፉ የረገፈው ዘርም የሚበቅለው በእርሱ ሥር ነው። አሮጌ ዛፎች ላሉት ቅጽር ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ የሣሩ ሥር ከለጋ ችግኝ ጋር በውኃ ስለሚሻማ፣ ተተኪ ችግኝ ያላደገበት ደን ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ አብሮ ያልቃል። በተተከለ ችግኝ ዙሪያም አንድ ሜትር ያህል ከሳር የጸዳ ቦታ ይተው። ለሳር ተብሎ በዛፍ ሥሮች ላይ አፈር መከመር ወይም ሥሮቹን በዶማ መቁረጥ አይገባም።

የፀሐዩን ሰዓት ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም። በግቢው ውስጥ ችካሎችን ተክሎ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ የትኛው ችካል ፀሐይ ላይ እንዳለ በደብተር ይመዝግብ። ቆጠራው ግን ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በሰኔ መደረግ አለበት፤ በአገራችን የእኩለ ቀን ጥላ አቅጣጫውን ይቀይራልና። በድሬዳዋ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 6 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። በሰኔ ብቻ ዐይቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ሰርዶ ያስተከለ ኮሚቴ በበጋ ይቸገራል።

ስፋቱን የሚወስነው ውኃ ነው። በደረቅ ወራት የግቢ ሳር በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ቢፈልግ ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። 200 ካሬ ሜትር ሳር በሳምንት 5,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 250 ጄሪካን ይጠጣል። የአካባቢው እናቶች ከዚያው ቦኖ የሚቀዱ ከሆነ ኮሚቴው ይህን ቁጥር በቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሮ ይወያይበት። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። በጥላ ውስጥ ያለውን ሳር በተለይ አታሳጥሩት፤ ሴንት ኦገስቲን ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይተውለት፣ በአንድ አጨዳም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ።

ገንዘቡ በሙሉ ከመውጣቱ በፊት ከሰርዶውም ከሴንት ኦገስቲኑም አንድ አንድ ካሬ ሜትር፣ አንዱን መደብ በፀሐይ፣ አንዱን በከፊል ጥላ፣ በሐምሌ ዝናብ ይተከል። በጥር ይታዩ፣ ከሚቀጥለው ክረምት በኋላም በጥቅምት እንደገና ይታዩ። የግዢው ውሳኔ ከዚያ በኋላ ለሰበካ ጉባኤው ይቅረብ።