አልትራሶኒክ ገንዳ ለገዛ ወጣት ጠጋኝ

ልጄ፣ የማኪያቶ ማሽን ጥገና ጀምረህ አልትራሶኒክ ማጠቢያ ገንዳ ገዛህ አሉኝ። እሰየው! የድሬዳዋ ውሃ የኖራ ድንጋይ አቋርጦ ስለሚመጣ ማሽን ውስጥ የኖራ ቅርፊት ይጋግራል፤ ሥራ አታጣም። እንግዲህ ስማኝ።

1. ገንዳዋ ውሃውን በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ያህል ትገፋዋለች፣ ትስበዋለች። ስትስብ በዓይን የማይታዩ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ስትገፋ ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ። ብረት ጥግ የተደረመሰ አረፋ ቀጭን ውሃ በኃይል ይወረውራል፤ ቅርፊቱን የሚፈለፍለው እሱ ነው። ይኸው ጉልበት የመርከብ ፕሮፔለር ስለሚበላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ስሌቱን ሠርቶለታል።

2. አሲዱን ግን አትተው። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ወፍራሙ በባዶ ውሃ ንቅንቅ አይልም። ሲትሪክ አሲድ ጨምር። አቼቶም ይሠራል፣ ሽታው ነው ደንበኛ የሚያባርረው። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ካፈላኸው ሲትሪኩ ከካልሲየሙ ጋር ሌላ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራብሃል። በረኪና አጠገቡ አይድረስ፤ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል።

3. ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ጋዝ የአረፋውን ጉልበት ይውጠዋል። ስለዚህ አዲስ ውሃ ስትሞላ ዕቃ ሳትከት ለጥቂት ደቂቃ አስነሳት፣ አየሩ ይውጣ። ቅርፊት ከአሲድ ሲገናኝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያዳክማታል። እናም ወፍራሙን ቀድመህ በባልዲ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፍና አስለቅቅ፤ ለገንዳዋ ብሩሽ የማይገባበትን፣ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን ስጣት። ሜዳውን ሁሉ በእሷ ልጠብ ካልክ መብራት ትጨርሳለህ እንጂ ትርፍ የለውም።

4. ዕቃው ወለሉን አይንካ፣ በቅርጫት አንጠልጥለው። እጅህንም አትንከር።

5. ጓርኒሲዮኑን (የጎማ ማሸጊያውን) ቀድመህ አውጣ። አልሙኒየምና ቅቡ መላቀቅ የጀመረ ክፍል አታስገባ። ካላመንከኝ የአልሙኒየም ፎይል ቁራጭ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል አንጠልጥል፤ ወንፊት ሆና ትወጣለች። በዚሁ የገንዳዋን ጤንነት ትፈትናለህ፤ ፎይሉ ካልተበሳ ደክማለች።

6. ደንበኛው «ቅርፊቱ ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ቢልህ «አዎ» በለው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ካልሲየሙ መጣበቁ አይቀርም። መፍትሔው ከማሽኑ በፊት የውሃ ማለስለሻ ማስገባት ነው። ማለስለሻውም በጨው ውሃ መታደስ አለበትና የሚታደስበትን ቀን በማሽኑ ጎን ጻፍለት።