ሹመት አደራ ነው፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ታሪክ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰሙት፤ ልጆችም ከሽማግሌዎች ይሰሙታል። ነገር ግን ልጅ ይህን እየሰማ ካደገ፣ ሹመት ማለት ሕዝብን ማገልገል ሳይሆን መብላት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ተረቱን በሥራቸው የተቃወሙትን አንድ የሸዋ ሰው እንመለከታለን። እኒህም ሰው በመጀመሪያ ወታደር፣ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በተጉለት፣ ሰያ ደብር በተባለው አገር ተወለዱ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ የሆኑት ራስ መኰንን የዚያ አገር ገዥ ሆነው ስለ ነበር፣ ከሸዋ ብዙ ሰው ወደ ሐረር ይሄድ ነበር። ተክለ ሐዋርያትም ገና በልጅነታቸው ወደ ራስ መኰንን ቤት ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት በሆነ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሠራዊቱን ተከትለው ዘምተው ነበር።

ከድሉ በኋላ ሊዎንቲዬፍ ከተባለ ሰው ጋራ ወደ ሩስያ ተላኩ። እዚያም ከዐሥር ዓመት በላይ ተቀምጠው በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የመድፈኛ ጦር ትምህርት ተምረው መኰንን ሆኑ። በባዕድ አገር ያደገ ልጅ አገሩን ይረሳል ብሎ የሚፈራ አባት ብዙ ነው። እሳቸው ግን አልረሱም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ገደማ ተመለሱ። ከዚያም የተማሩት ነገር ለአገር የሚመለስ ዕዳ እንደ ሆነ በሥራቸው አሳዩ።

በጅጅጋ ገዥ ሆነው ካገለገሉ በኋላ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ቴአትር ጻፉ። ይህም በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ነው። በጨዋታው ውስጥ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ ነቀፋው ግን የሚደርሰው ሥልጣንን ለጥቅማቸው ባደረጉ ሹማምንት ላይ ነበር። መኳንንቱ በተመለከቱት ጊዜ ነገሩ እነሱን እንደሚነካ ስላወቁ፣ ቴአትሩ ዳግመኛ እንዳይታይ ተከለከለ። እንግዲህ መንግሥትን የሚያገለግል ሰው ስሕተትን አይቶ ዝም ማለት ይገባዋልን? ተክለ ሐዋርያት ዝም አላሉም፤ ስለ ተከለከሉም ሥራቸውን አልተዉም። ከዚያም በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው የአሰበ ተፈሪን ከተማ መሠረቱ፤ ይህችውም ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ረቂቁም በ1889 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ምሳሌ ያደረገ ሲሆን፣ 55 አንቀጾች ነበሩት። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሕግ ከፍተኛውን ሥልጣን ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የተወ ነበር፤ የሁለቱንም ምክር ቤቶች አባሎች ሕዝቡ አልመረጣቸውም። ነገር ግን መንግሥት በጽሑፍ ሕግ መመራት አለበት የሚለው አሳብ በአገራችን በዚያ ተጀመረ። በዚሁ ዘመን በገንዘብ ሚኒስትርነትም አገልግለዋል።

ከዚያም ወደ አውሮፓ ተልከው በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ቆሙ። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያን ነገር የያዙት የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ሲናገሩ፣ የኢጣልያ መልእክተኛ ጉባኤውን ጥለው ወጡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ወሰናችንን አለፈ። ማኅበሩም ኢጣልያ ውሉን ማፍረሷን መሰከረ፤ ነገር ግን ነዳጅ ዘይት እንዳይሸጥላት እንኳ ስላልከለከለ ምስክርነቱ አላዳነንም። በዚህ ጊዜ የአድዋው ልጅ መሣሪያቸው መድፍ ሳይሆን ቃል ብቻ ነበር።

አገሩ በጠላት እጅ በወደቀ ጊዜ ተሰደው በማዳጋስካር ደሴት ብዙ ዓመት ኖሩ። በ1940ዎቹ ዓመታት ከተመለሱ በኋላ በሂርና እርሻ እያረሱ ተቀመጡ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። «የሕይወቴ ታሪክ» ብለው የጻፉት መጽሐፍም ከሞቱ በኋላ ታትሟል።

መምህር ሆይ፣ አንተም የመንግሥት አገልጋይ ነህ። ተማሪዎችህ ሹመት ምን እንደ ሆነ አስቀድመው የሚማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ሰዓት በመጠበቅህ፣ ለሀብታም ልጅና ለድኻ ልጅ እኩል በመፍረድህ ነው። እናንተም ሽማግሌዎች፣ ከተጉለት አንድ ልጅ ወጥቶ የአገር ሕግ እንዳረቀቀ አስታውሱ፤ ስለዚህ ከብት ጠባቂውን ልጅ ከትምህርት አታስቀሩት። ያንንም ተረት በምትናገሩበት ጊዜ፣ «ሲሾም የበላ ሲሻር ያፍራል» ብላችሁ ብታርሙት መልካም ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፤

1. ተክለ ሐዋርያት በአድዋ ጊዜ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?
2. ቴአትራቸው የተከለከለው ስለ ምንድን ነው?
3. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ጥቅሙና ጉድለቱ ምን ነበር?
4. በመንደርህ ሹም ብትሆን አስቀድመህ የምትሠራው ምንድን ነው?