ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ ምላስ

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ለዚህ ገጽ የማይመጥን ይመስላችሁ ይሆናል። «የልጆች የሞባይል ጨዋታ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባት አይጠፋም። ይሁን እንጂ በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶችም ሆነ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ከተማ፣ ወጣት ልጅ ያለው ቤተሰብ ነገሩን በጆሮው ሳይሰማው አይቀርም። ልጁ ዒሻን ሰግዶ ይገባል፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ፐብጂ ወይም ሌላ የተኩስ ጨዋታ ይከፍታል፤ ከዚያም ፊቱን አይቶት በማያውቀው ሰው ላይ መጮህ ይጀምራል። የሚጮኸው ቃል በአፎቻ ስብሰባ ላይ ቢነገር አባቱን አንገት የሚያስደፋ ነው። ጠዋት ደግሞ «አካውንቴን ባን አደረጉብኝ» ብሎ እንደተበደለ ሰው ያማርራል። እኛም ወይ እንስቃለን፣ ወይ «እሰይ፣ ተገላገልን» እንላለን። ሁለቱም መልስ አይደለም።

በመጀመሪያ እገዳው ምን እንደሆነ እንረዳ። ተጫዋቹ በአንድ ስም ይመዘገባል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደረጃና ዕቃ ያጠራቅማል። ሲሳደብ ወይም ሲያጭበረብር ሌሎች ተጫዋቾች ለኩባንያው ይከሱታል። ኩባንያው መጀመሪያ አፉን ይዘጋዋል፤ ማለትም መጻፍና መናገር ይከለክለዋል። ቀጥሎ ለቀናት ያግደዋል፤ በመጨረሻም ስሙን ከነንብረቱ ያጠፋዋል። በፐብጂ ሞባይል በማጭበርበር ፕሮግራም ሲጫወት የተያዘ ሰው እስከ 10 ዓመት ይታገዳል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ 10 ዓመት ማለት የዕድሜ ልክ ያህል ነው።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለውን ጨዋታ የሚያዘጋጀው ራየት ጌምስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ለየት ያለ ነገር ሞክሮ ነበር። ተጫዋቾች ራሳቸው የተከሳሹን ንግግር አንብበው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ብለው የሚፈርዱበት ሸንጎ አቋቋመ። ሸንጎው በ2014 ቆሟል፤ ነገር ግን የኩባንያው ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን የደረሱበት ነገር እኛንም የሚያስተምር ነው። ሁልጊዜ መጥፎ የሆኑት ተጫዋቾች ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ የሚፈጽሙትም ከጠቅላላው መጥፎ ባህርይ ከመቶ 5 ገደማ ነበር። የቀረው ከየት መጣ? በሌላው ቀን ጨዋ ከሆነው፣ ያን ዕለት ግን ከተናደደው ተራ ሰው። ከዚህም ሌላ የታገደው ሰው የታገደበት ንግግር ቃል በቃል ሲቀርብለት የመታረም ዕድሉ ከፍ እንደሚል ተገንዝበዋል።

ይህ ነገር ለሙስሊም አዲስ ሊሆን አይገባም። እስቲ የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ።

በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ጊዜው የበጋ ሐሩር፣ ፍሬው የደረሰበት፣ ጥላውም የሚናፈቅበት ነበር። ከዕብ አቅምም መጓጓዣም እያለው «ነገ እደርስባቸዋለሁ» እያለ ቀረ። ሠራዊቱ ሲመለስ ሰማንያ የሚያህሉ ሰዎች እየማሉ ምክንያታቸውን አቀረቡ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) በአፋቸው የተናገሩትን ተቀብለው ውስጣቸውን ለአላህ ተዉት። ከዕብ ግን ምንም ምክንያት እንዳልነበረው እውነቱን ተናገረ። ሙራራ ኢብኑ ረቢዕና ሒላል ኢብኑ ኡመያም (ረ.ዐ) እንደ እሱው እውነቱን ተናግረው ነበር። ከዚያም በነዚህ በሦስቱ ላይ እገዳው ወረደ፤ ማንም እንዳያናግራቸው ታዘዘ።

ሁለቱ ቤታቸው ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ከዕብ ግን ወጣት ስለነበረ መስጊድ ይመጣል፣ ገበያ ይወጣል፤ የሚያናግረው የለም። የአጎቱ ልጅ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) እንኳ ሰላምታውን አልመለሰለትም። በ40ኛው ቀን ከሚስቶቻቸውም እንዲርቁ ታዘዙ፤ የሒላል ሚስት ግን ባሏ ሽማግሌ ስለነበር እንድታገለግለው ጠይቃ ተፈቀደላት። የገሳን ንጉሥ ይህን ሰምቶ ለከዕብ «ወደ እኛ ና» የሚል ደብዳቤ ላከለት። ከዕብ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ከተተው። 50 ሌሊት ሲሞላ ተውባቸው ተቀባይነት ማግኘቱ ተገለጠ፤ ነገሩ በሱረቱ ተውባ 118ኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። አንድ ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ በታላቅ ድምፅ አበሰረው፤ ከዕብም የለበሰውን ለአብሳሪው ሰጥቶ ራሱ ተውሶ ለበሰ። መስጊድ ሲገባ ጠልሐ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ) ሮጦ ጨበጠው። ከዕብ ይህን የጠልሐን ነገር ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎቻችን የምንይዘው 50ውን ቀን ነው። እኔ ግን አንባቢ የጠልሐን ሩጫ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ያገደው ጀመዓ የታገደውን ሰው በስሙ ያውቀዋል፤ ጥፋቱንም ያውቃል፤ እስኪመለስም ይጠብቀዋል። የመለሰለት ሰላምታ ባይኖርም ዓይኑ ከእሱ ላይ አልተነሳም፤ ከዕብ ራሱ ሲሰግድ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እሱ ይመለከቱ እንደነበር ተናግሯል። በግል ኩርፊያማ ወንድምን ከሦስት ቀን በላይ መዝጋት የተከለከለ ነው።

እኛ ሐረር ያለን ሰዎች የዚህ ዓይነቱን ሥርዓት ከአፎቻ እናውቀዋለን። ፒተር ኮንና ሲድኒ ዋልድሮን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አፎቻ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል፤ የውጭ ሰው እንኳ ቁም ነገር ብሎ የጻፈበት ተቋም ነው። በሠርግና በሐዘን መገኘት ግዴታ ነው፤ የሚያጓድል ይቀጣል። ቅጣቱ የሚያምመው በገንዘቡ አይደለም፤ የሚቀጣህ ሰው ነገ ጀናዛህን የሚሸከም በመሆኑ ነው። ሞባይሉ ላይ ያለው ልጅ ግን የሚሰድበው ሰው ጎረቤቱ አይደለም፤ የሚቀጣውም ማሽን ነው። ማሽኑ አያለቅስለትም፤ ሲመለስም ሮጦ የሚጨብጠው የለም። ስለዚህ ልጁ የሚያደርገው ምንድን ነው? በሌላ ስም አዲስ አካውንት ይከፍታል፤ ወይም ከጓደኛው ይገዛል። ይህ እንግዲህ እየማሉ ምክንያት እንዳቀረቡት ሰማንያዎቹ መሆን ነው። አካውንት መሸጥና መግዛት በብዙዎቹ ጨዋታዎች ደንብ የተከለከለ ስለሆነ ቃል ማፍረስም አለበት። (በገንዘብ ተገዝቶ ውስጡ ሳይታወቅ ስለሚከፈተው የዕድል ሳጥን ለብቻው መጻፍ ይገባል፤ ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ከቁማር ቆጥራ ከልክላዋለች፤ ቁማርን ሐራም ያልን እኛ ግን ለልጆቻችን ካርድ እንሞላለን።)

ወደ ስድቡ እንመለስ። በአገራችን ልጆች አፍ ላይ የሚዘወተሩት ስድቦች ሁለት ናቸው፤ እናትና ብሔር። አቡ ዘር (ረ.ዐ) በአንድ ሰው ላይ ተቆጥቶ በእናቱ አነወረው። ብዙዎች ያ ሰው የኛው ቢላል (ረ.ዐ) ነው ይላሉ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን ውስጡ ገና የጃሂልያ ርዝራዥ እንዳለበት ነገሩት። ልብ በሉ፤ አቡ ዘር ከቀደምት ሰሐቦች አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ ዛሬ «አብዛኛው ስድብ የሚወጣው በዕለቱ ከተናደደ ተራ ሰው ነው» ያሉትን ነገር እናገኘዋለን። ሱረቱል ሑጁራትም ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራራ ሲከለክል ፊት ለፊት የሚታይና የማይታይ ብሎ አልለየም።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የሰው ሐቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛው ኪሳራ የደረሰበት ሰው ማን እንደሆነ ሲያስረዱ፣ በቂያማ ቀን ሰላትና ጾም ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህን ሰድቦ ያንን አነውሮ ስለነበር ምንዳው ለነሱ ተከፋፍሎ የሚያልቅበት መሆኑን ነግረውናል። ጎረቤቱን የሰደበ ሰው በሩን አንኳኩቶ ዐፍው ሊል ይችላል። ልጃችን ትናንት ማታ በእናቱ የሰደበውን፣ ኢንዶኔዥያ ይሁን ግብፅ የማይታወቀውን፣ ስሙ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሆነውን ሰው የት ሄዶ ነው ዐፍው የሚለው? ባለቤቱን ማግኘት ያልቻለ ሰው እንዲጸጸትና ለዚያ ለበደለው ሰው በብዛት ዱዓ እንዲያደርግ ዑለማዎች ይመክራሉ። ይህ መንገድ ክፍት ነው፤ ግን ጎረቤትን ከማንኳኳት ይልቅ ከባድ ነው። ልጆቻችን «ማን ያውቀኛል» ብለው የሚደፍሩበት መደበቂያ ራሱ ነው ዕዳውን የማይከፈል የሚያደርግባቸው።

ሌላም ወገን አለ፤ ያለ ጥፋቱ የታገደ። ሐረር ውስጥ መብራት ሲቋረጥ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ጨዋታው መሐል ላይ ይቆማል፤ ማሽኑ ግን ልጁ ጓደኞቹን ጥሎ እንደሸሸ ቆጥሮ ይቀጣዋል። ከዚህ የከፋው በውሸት መክሰስ ነው። የተሸነፈ ቡድን ተነጋግሮ አሸናፊውን «አጭበርብሯል» ብሎ በአንድነት ይከሰዋል፤ ያ ሰው ያለ ጥፋቱ ሊታገድ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ጨዋታ ይመስለዋል፤ በዲናችን ግን የሐሰት ምስክርነት ከከባድ ወንጀሎች ይቆጠራል። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የተባልነውም በማናውቀው ሰው ላይ ጉዳት እንዳናደርስ ነው።

ወላጆችስ ምን እናድርግ? ስልኩን መስበር የሚቀናው አባት አለ። ይኸው አባት ጫት ላይ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የእንግሊዝ ኳስ ሲያይ ዳኛውን በልጁ ፊት ሲሰድብ ይውላል። ልጁ ቋንቋውን ከሞባይሉ ብቻ አልተማረም! የፕሌይስቴሽን ቤት ያላቸው ወንድሞችም ቢሆኑ ልጅ የሚጫወትበትን ደቂቃ ቆጥረው ገንዘብ ከመቀበል አልፈው በቤታቸው የሚነገረውን ቃል ሊቆጥሩ ይገባል። የሰደበ ልጅ ዛሬ ይውጣ፣ ነገ ሲመጣ ደግሞ በሰላምታ ይቀበሉት። ስሙን ያውቁታል፤ የማንም ኩባንያ ማሽን ይህን ማድረግ አይችልም።

ልጃችሁ «ባን ተደረግሁ» ብሎ ሲመጣ ግን አትሳቁበት፤ «እሰይ»ም አትበሉ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ የእገዳውን መልእክት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተጽፎ ይላካል። የተናገረው ቃል እዚያ ላይ ካለ፣ ያንን ቃል ጮክ ብሎ በእናቱ ፊት እንዲያነበው አድርጉ። ማንበብ ካፈረ መንገዱ ተጀምሯል። ያለ ጥፋቱ ታግዶ እንደሆነ ደግሞ የአቤቱታውን ደብዳቤ አብራችሁ ጻፉለት፤ እውነቱን ብቻ፣ ሳትጨምሩ።