ረቂቁ፣ አሳታሚውና የዕቁቡ ገንዘብ

ጥያቄው

«ደጅ ጠኚዋ» በሚል የብዕር ስም፣ ከየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤ አካባቢ ለዚህ አምድ የተላከው ደብዳቤ፣ አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት የበኩር ልብ ወለዳቸውን ለማሳተም ሲደክሙ የገጠማቸውን የሚያስረዳ ነው። ታሪኩ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ጉራራ ስለሚወርዱ ሴቶች የሚተርክ ሲሆን፣ ረቂቁን ከተቀበሉት አሳታሚዎች አንዱ ለወራት አቆይቶ ያለ አስተያየት መልሶታል፤ ሌላው ደግሞ የኅትመቱን ወጪ ደራሲዋ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍኑ ጠይቋል። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዳቸው ወኪል እንዲፈልጉ ሲመክሯቸው፣ ባለቤታቸው ግን ለቤት ማደሻ የታሰበው የዕቁብ ገንዘብ ለመጽሐፍ እንዳይወጣ አጥብቀው በመቃወማቸው በትዳሩ መካከል ቅሬታ ገብቷል። ጠያቂዋ ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፦ ወኪል ይገኛል ወይ፣ በራስ ገንዘብ ማሳተም ይገባል ወይ፣ የአሳታሚዎቹ ዝምታስ ሥራው የማይረባ መሆኑን ያሳያል ወይ?

መልሱ

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብር ስለሆነ አስቀድሞ ሊመለስ ይገባል። አሳታሚ ማለት በራሱ ገንዘብና ኃላፊነት ረቂቅ መርጦ፣ አሳርሞ፣ አሳትሞና አከፋፍሎ ለደራሲው ድርሻውን የሚከፍል ድርጅት ሲሆን፣ አታሚ ግን ክፍያውን ተቀብሎ ወረቀቱን አትሞ የሚያስረክብ ማተሚያ ቤት ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ በስፋት ይሠራ ነበር፤ በዛሬው ገበያ ግን ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባና በአንድ ኅትመት ላይ የዋለው ገንዘብ ቅጂው ተሸጦ እስኪያልቅ ድረስ ታስሮ ስለሚቆይ፣ አሳታሚዎች ስሙ ወደታወቀ ደራሲ ማዘንበላቸው አይቀርም። ስለዚህ ምክንያት ያልተሰጠበት ዝምታ ስለ ገበያ ስጋት የሚናገረው ስለ ሥራው ዋጋ ከሚናገረው ይበልጣልና ጠያቂዋ እንደ ፍርድ ሊቀበሉት አይገባም። ይሁን እንጂ ያው ዝምታ ረቂቁ ተጠናቋል ለማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ ይህንን ሊያረጋግጥ የሚችለው ብቁ አንባቢ ብቻ ነው።

ወኪልን በተመለከተ፣ የደራሲ ወኪል የሚባለው ረቂቁን ለአሳታሚዎች የሚያቀርብ፣ ስለ ውሉ የሚደራደርና ደራሲው ከሚያገኘው ገቢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ የሚወስድ ባለሙያ ነው። አሠራሩ በለንደንና በኒው ዮርክ የጸና ሲሆን፣ እንደ መዓዛ መንግሥቴና ዲናው መንግሥቱ ያሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ጽፈው የታወቁት በዚሁ ዓለም ውስጥ ነው፤ የመዓዛ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱም ይታወሳል። በአማርኛ የመጻሕፍት ገበያ ግን ወኪልነት የተለመደ ሙያ አይደለም። ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ ውጭ ገበያ የሚወስደው መንገድ ትርጉም ቢሆንም፣ እርሱም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ለአንባቢ የቀረበው ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጠያቂዋ የውጭ ወኪል ፍለጋውን ለጊዜው ትተው በአገር ውስጥ አንባቢ ቢያፈሩ ይሻላል። ወኪል ነኝ ብሎ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ደግሞ፣ እውነተኛ ወኪል የሚከፈለው መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ መሆኑን አስታውሰው ሊርቁት ይገባል።

የዕቁቡን ገንዘብ ጉዳይ ለመወሰን ስሌቱን በወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ለአብነት ያህል 1,000 ቅጂ ለማሳተም ማተሚያ ቤቱ የሚሰጠው ፕሮፎርማ 200,000 ብር፣ የሽፋን ዋጋው 400 ብር፣ የአከፋፋዩና የመጻሕፍት መደብሩ ድርሻ 30 በመቶ ነው እንበል። ከእያንዳንዱ ቅጂ ለደራሲዋ የሚደርሰው 280 ብር ስለሆነ፣ የወጣው ገንዘብ ብቻ እንኳ እንዲመለስ 715 ቅጂ መሸጥ አለበት፤ የአርትዖቱ፣ የሽፋን ሥዕሉና የምረቃው ወጪ ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። በዚያ ላይ መደብሮች ከማይታወቅ ደራሲ መጽሐፍ የሚረከቡት ብዙ ጊዜ ሲሸጥ ለመክፈል ተስማምተው በመሆኑ ገንዘቡ የሚመለሰው ጥቂት በጥቂት ነው። ጠያቂዋ ማተሚያ ቤት በሚሰጣቸው ትክክለኛ ፕሮፎርማ ይህንን ስሌት ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ቢሠሩት፣ ክርክሩ «መጽሐፌን ይንቃል» እና «ቤቱን ታፈርሳለች» ከሚል መወቃቀስ ወጥቶ ሁለቱም በሚያዩት ቁጥር ላይ ይሆናል። የባለቤታቸው ስጋት ከንቀት የመጣ ሳይሆን የቤተሰቡን ጥሪት ከመጠበቅ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅንነት ሊደመጥ ይገባዋል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ ረቂቁ ዘመድ ባልሆኑ ሦስት ሰዎች ቢነበብ መልካም ነው፤ አንዱ የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ሁለተኛው ልብ ወለድ አዘውትሮ የሚያነብ ሰው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ራሷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደች ሴት ብትሆን፣ የሸክሙ አስተሳሰርና የቁልቁለቱ አረማመድ በትክክል መጻፉን ከእርሷ የተሻለ የሚመሰክር የለም። ቀጥሎ ከመጽሐፉ አንድ ራሱን የቻለ ክፍል በመጽሔት ወይም በሥነ ጽሑፍ ምሽት ለአንባቢ ማቅረብ ስም ያስተዋውቃል፤ በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራሲያን ማኅበርም ከሙያ ባልደረቦች ጋር ለመገናኘት አመቺ በር ነው። ከዚህ በኋላ ለአሳታሚ ሙሉውን ጥራዝ ከማስረከብ ይልቅ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነችና ምን እንደገጠማት የሚናገር የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ጋር ማቅረብና መልሱ መቼ እንደሚሰጥ ቀን ማስቆረጥ ይገባል። በማጠቃለያው ውስጥ ሥራውን ማወደስ አያስፈልግም፤ ከእንጦጦ የምትወርደው ሴት ታሪክ በቅጡ ከተነገረ ራሱ አንባቢ ይስባል።

አሳታሚ ሲገኝም ሁሉም ነገር በጽሑፍ መሆን አለበት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል፤ የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ስለዚህ ውሉ የቅጂውን ብዛት፣ የሽፋኑን ዋጋ፣ የደራሲዋን ድርሻና የሚከፈልበትን ጊዜ፣ እንዲሁም መጽሐፉ ዳግም ሳይታተም ቢቀር መብቱ መቼ እንደሚመለስ በግልጽ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የትርጉም፣ የፊልምና የትረካ መብት ከኅትመት መብት የተለየ በመሆኑ አብሮ ተጠቅልሎ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ያሻል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ዘንድ መድረሱ፣ የትረካ መብት ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ያሳያል።

ጠያቂዋ በመጨረሻ በራሳቸው ገንዘብ ለማሳተም ቢወስኑ ውሳኔው ነውር የለበትም፤ ብዙ አዳዲስ ደራሲዎች የሄዱበት መንገድ ነው። ነገር ግን አርትዖቱ ሳያልቅ፣ አከፋፋይ በጽሑፍ ሳይስማማና ባይመለስ እንኳ ቤተሰቡን ችግር ላይ የማይጥለውን የገንዘብ መጠን ባልና ሚስት በስምምነት ሳይወስኑ፣ ከዕቁቡ አንድም ብር እንዳይወጣ ይህ አምድ አጥብቆ ይመክራል። አሳታሚዎችም ያላነበቡትን ረቂቅ ለወራት ከማቆየት ይልቅ አጭርም ቢሆን ግልጽ መልስ በጊዜው እንዲሰጡ፣ በጠያቂዋና እንደ እርሳቸው ደጅ በሚጠኑ አዳዲስ ደራሲዎች ሁሉ ስም አደራ ይባላሉ።