የጓሮ ዶሮዎችን ከአውሬና ከቤት እንስሳት መጠበቅ

ለአማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና መረጃ

በጓሮዎ ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ፣ ዶሮዎን የሚነጥቀው አውሬ ለቤተሰብዎም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ዶሮዎችዎን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ ተነክሳ ወይም ሞታ የተገኘች ዶሮ ስትኖር ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ይገልጻል።

የዶሮ ቤቱ

በአገር ቤት ጭልፊቱንና ሸለምጥማጡን ፈርተን ማታ ዶሮዎቹን ወደ ቤት እናስገባ ነበር። ይህ አይመከርም፤ ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ውጭ ያለው የዶሮ ቤት ራሱ ጠንካራ መሆን አለበት።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ራኩን ነው። የፊት እግሮቹን እንደ እጅ ስለሚጠቀም ተራ መቀርቀሪያ ይከፍታል፤ በሽቦ ቀዳዳ አስገብቶም ዶሮዋን ይጎትታል። የተለመደው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬ አያስቆምም። ቀዳዳው ግማሽ ኢንች (13 ሚሊሜትር ገደማ) የሆነውን፣ በመደብር “ሃርድዌር ክሎዝ” የሚባለውን ጠንካራ የሽቦ መረብ ይግዙ። መስኮቱንና የአየር ማስገቢያውን በሙሉ ይሸፍኑበት፤ ቆፍሮ የሚገባውን ለመከላከልም በዙሪያው 12 ኢንች (30 ሴንቲሜትር) ያህል ወደ መሬት ይቅበሩት። በሩን ከቀረቀሩ በኋላ ቁልፍ ወይም ካራቢነር ይጨምሩበት። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ገንዘብ ካጠረዎ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ክፍል ያስቀድሙ።

ቀን ቀን ዶሮዎቹ የሚውሉበትን ቦታ ከላይ በመረብ ይሸፍኑ። ጭልፊትና ጉጉት በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ መግደል ወይም ማጥመድ አይቻልም። መኖውን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያስቀምጡ። የአይጥ መርዝ ግን አይጠቀሙ፤ የተመረዘች አይጥ የበላ ድመት ወይም ውሻ ሊሞት ይችላል።

ውሻና ድመት

ከዶሮ ጋር ያላደገ ውሻ የምትሮጥ ዶሮ ሲያይ ያሳድዳል። ጨዋ ነው ብለው ብቻውን አይተዉት። ድመት አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ዶሮ አትደፍርም፤ ጫጩት ግን ትወስዳለች። ለበዓል ዶሮ ሲበልቱ የሆድ ዕቃውን ጥሬውን ለድመት ወይም ለውሻ አይስጡ። በወፍ ጉንፋን የታመሙ ድመቶች ብዙ ጊዜ ይሞታሉ።

ዶሮ ሞታ ካገኙ

መጀመሪያ የንክሻ ምልክት እንዳለ ሳይነኩ ይመልከቱ። ቁስል የሌላቸው ዶሮዎች በድንገት ከሞቱ ወይም ብዙዎቹ አንድ ላይ ከታመሙ፣ ብዙዎቻችን “ፈንግል ነው” ብለን እናልፈዋለን። ፈንግል ሌላ በሽታ ነው። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወፍ ጉንፋን በአሜሪካ የጓሮ ዶሮዎችን ሲገድል ቆይቷል፤ የሁለቱን ምልክት ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም። ልጆችን፣ ውሻና ድመትን ከአካባቢው ያርቁ። ወደ ፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት በ1-866-536-7593 ይደውሉ። መንካት ግድ ከሆነ ጓንትና ማስክ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ለ10 ቀናት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የዓይን መቅላት እንዳይኖርዎ ይከታተሉ።

አውሬ የገደላትን ዶሮ አትብሉ ማለት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሃይማኖታችንም ይከለክላል። ለውሻም አይስጧት።

አውሬ እርስዎን ወይም ልጅዎን ከነከሰ

ዶሮ ለማስጣል ሲሉ ከአውሬ ጋር አይታገሉ። በአማርኛ “የእብድ ውሻ በሽታ” ስለምንለው ውሻ ካልነከሰን የሚያሰጋ አይመስለንም። በአሜሪካ በሽታው በብዛት የሚገኘው በሌሊት ወፍ፣ በራኩን፣ በስካንክና በቀበሮ ላይ ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ሐኪም ቤት ይሂዱ። ውሻዎን አውሬ ከነከሰው፣ ተከትቦ የነበረ ቢሆንም፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይጠይቁ። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ የትኛው አውሬ፣ መቼና የት እንደነከሰ በትክክል መነገር አለበት።